ብርሃኑ በእኛም ቆዳ ላይ ይሞከር

ለቃጠሎ ሕሙማን ድሬሲንግ የምቀይር ነርስ ነኝ። ፍል ውኃ በተደፋበት ሕፃን ቁስል ላይ የደረቀ ጎዝ ማላቀቅ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ኖርማል ሳላይን እያንጠባጠብን ጥግ ጥጉን ብናለሰልሰውም አዲስ የበቀለው ሥጋ አብሮ ይነሣል፣ ይደማል፤ ልጁም የሳላይኑን ጠርሙስ ገና ሲያይ ማልቀስ ይጀምራል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ስለሚለወጡ ሃይድሮጄሎች የሚጻፈውን በጉጉት የምከታተለው ለዚህ ነው።

ሃይድሮጄል ውኃ ይዞ የሚያብጥ የፖሊመር መረብ ነው። ውኃ ውስጥ ያደረ ተልባ የሚያወጣውን ዝልግልግ ያስቡ፤ ለስላሳው የዓይን ሌንስም ከዚሁ ወገን ነው። በመረቡ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሞለኪውሎች ሲጨመሩበት አንዱ ዓይነት ፈሳሽ ሆኖ ይገባና መብራት ሲበራበት ይጠጥራል። የጥርስ ሐኪም ሙሌቱን በሰማያዊ መብራት የሚያደርቀውም በዚሁ ዘዴ ነው። ሌላው ደግሞ ብርሃን ባረፈበት ቦታ ይፈርሳል፤ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የክሪስቲ አንሴት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲህ ያለ ጄል አሳይቷል። ጎዝ ከመሳብ ይልቅ መብራት አብርቶ ድሬሲንጉን ማሟሟት! ያ ቀን ቢመጣ ከእኔ በላይ የሚደሰት አይኖርም።

የሚያሳስቡኝ ከቆዳ ሥር የሚገቡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጄኒፈር ኤሊሴፍ፣ ሮበርት ላንገርና ባልደረቦቻቸው ፈሳሹን ከአይጥ ቆዳ ሥር በመርፌ አስገብተው፣ ከላይ ብርሃን በማብራት አጠጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሳሳይ ዘዴ በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞከረ። ብርሃኑ ጄሉ ጋ ለመድረስ ቆዳን ማለፍ አለበት፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ደግሞ ብርሃንን፣ በተለይ አልትራቫዮሌቱንና ሰማያዊውን፣ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለነጣ ቆዳ የተቀመረ መጠን በእኛ ላይ ጄሉን ሳያጠጥረው ሊቀር ይችላል። መጠኑ በግምት ቢጨመር ደግሞ ቆዳውን ሊያቃጥል ይችላል።

ስጋቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም በብርሃን ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ የኦክስጅን ማነስ በመሣሪያው ሳይታይ የሚያልፈው በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ይህ የተነገረን መሣሪያው በየሆስፒታሉ ለአሥርት ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ በኮቪድ ወቅት፣ ኦክስጅን ለማን እንደምንሰጥ በዚያ ቁጥር በምንወስንበት ጊዜ ነው።

ጄሎቹ ግን አብዛኞቹ ገና ከቤተ ሙከራ ስላልወጡ ለማስተካከል ጊዜ አለ። ሜላኒን እምብዛም የማያግደውን ከቀይ ያለፈ ብርሃን የሚጠቀሙም እየተሠሩ ነው። ከውጭ ተቋማት ጋር የምትሠሩ ተመራማሪዎቻችን፣ ጥቁር ቆዳ ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ እንዲካተት ጠይቁ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እንዲህ ያለ ምርት ለምዝገባ ሲቀርብለት በየትኛው የቆዳ ቀለም ላይ እንደተሞከረ ማስረጃ ይጠይቅ፤ ማስረጃ ከሌለው አይመዝግበው።