መኪናን ዝቅ ከማድረግ በፊት መንገዱን መመልከት ይገባል

ከጥቂት ዘመን ወዲህ ብርቱ ሞተር ያላቸውን የአሜሪካ አውቶሞቢሎች፣ ይልቁንም ፎርድ ሙስታንግ የተባለውን የሚወዱ ወጣቶች፣ የመኪናውን አካል ወደ መሬት ዝቅ ማድረግን እንደ ታላቅ ጌጥ ቆጥረውታል። ነገሩ ፈጽሞ የሚነቀፍ ነው አልልም፤ ምክንያት አለውና። አውቶሞቢል በመታጠፊያ ላይ ሲዞር ክብደቱ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው ይዛወራል፤ የሚዛወረውም ክብደት የሚበዛው የመኪናው የክብደት መካከል ከመሬት ከፍ ባለ መጠን ነው። ይህ መካከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የነበረ ቢሆንና 3 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው፣ በዚያው መታጠፊያና በዚያው ፍጥነት የሚዛወረው ክብደት ከመቶ 6 እጅ ያህል ይቀንሳል። ካሮል ሸልቢ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ሙስታንግን ለእሽቅድምድም ባዘጋጀ ጊዜ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን የላይኛውን ክንድ ማሰሪያ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አወረደው። ይህንንም ያደረገው ለመታየት ሳይሆን መኪናው ሲዞር ጎማው መሬቱን አስተካክሎ እንዲረግጥ ነበር።

በየጋራዡ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሞላው በመጋዝ ይቆረጣል፤ ወይም በእሳት ነበልባል ይሞቅና በመኪናው ክብደት ተጨፍልቆ ይቀራል። በእሳት የሞቀ ሞላ ከፋብሪካ የወጣበትን ጥንካሬ ያጣልና ዛሬ ዝቅ ያለው ነገ ሊሰበር ይችላል። ከዚህም በላይ መኪናው ዝቅ ሲል ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ስለሚያንስ፣ አዲሱ ሞላ ከቀድሞው የጠነከረ መሆን አለበት። ሞላው ከጠነከረ ደግሞ መዝለሉን የሚገታው አሞርዛተር ከእርሱ ጋር የሚስማማ ሆኖ መለወጥ አለበት፤ የጎማውም አቋቋም እንደ ገና ተለክቶ መስተካከል አለበት። አለዚያ ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ ያልቃል። እንግዲህ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው መኪናውን ማሻሻል ሳይሆን ማበላሸት ነው።

ይህን ለማየት ወደ ሱዳን ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ የሚደረገው ተቃራኒው ቢሆንም ስሕተቱ አንድ ዓይነት ነውና። ከከሰላ አንሥቶ በገዳሪፍ በኩል እስከ ገላባት ድረስ ያለው ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና እንደ ሙጫ ይይዛል። ወደ ድንበሩ ሲቀርቡ ደግሞ ድንጋይ ይጨመርበታል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብሪጋዴር ስሊም ገላባትን በወጋ ጊዜ፣ ይዟቸው ከመጡት ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋዩ ምክንያት ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ከሥራ ውጭ ሆነዋል። ታንክን ያቆመ መሬት ለአውቶሞቢል ይራራል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም።

በዚህ አገር ማሽላና ሰሊጥ በሰፊው በትራክተር መታረስ ከጀመረ ከ1930ዎቹ ዓመታት ወዲህ እህሉን ያመላለሱት ካሚዮኖች ናቸው፤ ለብዙ ዘመንም ከሁሉ የታወቀው ቤድፎርድ ነበር። ባለቤቶቹም መንገዱንና ጭነቱን አይተው ከፋብሪካው በመጣው ባሌስትራ ላይ ሌላ ቅጠል ደረቡበት። በአንድ በኩል ብልኅነት ነው፤ ባሌስትራው አይሰበርም፣ ሆዱም መሬት አይነካም። ነገር ግን ባሌስትራው ስለጠነከረ ፍሬኑ አልጠነከረም፤ አክሱም አልወፈረም፤ ጎማውም ያው ነው። ካሚዮኑ ያልተጎበጠ ስለሚመስል ባለቤቱ ጆንያ ይጨምራል፤ በጆንያውም ላይ ሰው ይሳፈራል። በመኸር ወራት ለሰሊጥ ዐጨዳ ድንበር እየተሻገሩ ሲሠሩ የኖሩት ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች እንደዚህ በጭነት ላይ መጓዝን ያውቁታል። ከላይ ያመለከትሁት ሒሳብ እዚህ ላይ ተገልብጦ ይገኛል፤ የክብደቱ መካከል በሁለት ክንድ ከፍ ብሏል፤ መንገዱ በአንድ ወገን የሰጠመ እንደ ሆነ የሚገለበጠው እህል ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ በትርጉም ሥራ ላይ ላለ ሰው የቃሉ ነገር ደስ ያሰኛል። ባሌስትራ የምንለው ከኢጣልያንኛ የወሰድነው ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ቀስት የሚወረወርበት የጥንት የጦር መሣሪያም ስም ነው። በድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ያይ ይሉታል፤ ይህም የቱርክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ደጋን ነው። ሁለቱም ሕዝብ ከሁለት የተለያዩ ገዥዎች አንድ አሳብ ወርሰዋል፤ መጉበጥ የማይችል ደጋን ደግሞ ከማገዶ አይሻልም።

ከሙስታንጉ ወጣት ይህ ሁሉ የራቀ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ በአውቶቡስና በየቤት መኪናው ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በገላባት በኩል ወደ መተማ ሸሸ። ለአራት ሰው የተሠራ መኪና ሰባት ሰው ከነጓዙ ይዞ ረጅም መንገድ ሲወጣ፣ ሞላው ለውበት የተቆረጠበት ባለቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ ሞላው ተጨምቆ ያልቅና ምቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል፤ የዘይቱም መያዣ ድንጋይ ያገኘዋል። መኪና ባለቤቱ ላላሰበው ጉዞም ይፈለጋል።

ስለዚህ ዝቅ ማድረግ የሚሻ ሰው ከዋናው ፋብሪካ ወይም ከታወቀ ሠሪ የተሟላውን ዕቃ፣ ማለት ሞላውን ከአሞርዛተሩ ጋር፣ ገዝቶ ያስገጥም፤ ሲያስፈልግም የቀድሞውን መልሶ እንዲገጥም ሳይጥል ያኑረው። በየዓመቱ መኪና የሚመረምሩትም ሹማምንት መብራትና ጥሩንባ ከማየት አልፈው ከመኪናው ሥር ጎንበስ ቢሉ መልካም ነው፤ የተቆረጠ ሞላ በዓይን ይለያል፤ የባሌስትራን ቅጠል መቁጠርም ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ቁጥሩ ከፋብሪካው የበለጠ ሆኖ ሲገኝ፣ ባለ ካሚዮኑ ፍሬኑንና አክሱንም አብሮ ማጠንከሩን እስኪያስረዳ ድረስ ሰው በጭነቱ ላይ እንዳያሳፍር ሊከለከል ይገባል።