አሥራ አራት ቀን ስንት ጊዜ?



አደንዛዥ ዕፅ ወጣቱን እንደሚያጠፋ የሚክድ የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 525 ዕፁን የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀምበትንም ይቀጣል። ይቅጣ! ክርክራችን ከፍርድ በፊት ስለሚፈጸመው ቅጣት ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። መልካም። ነገር ግን የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 59 የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ሳይወስን ተወው። ቀዳዳው ይህ ነው!

በዕፅ የተጠረጠረ ሰው በዚህ ቀዳዳ ከማንም ይልቅ ይጎዳል። ከኪሱ የተገኘው ዱቄት ምን እንደሆነ ዓይን አይፈርድም፤ ኬሚስት ይመርምረው ይባላል። ዱቄቱ ተራ ሲጠብቅ ሰውየው ይታሰራል። «ውጤቱ አልደረሰም» በተባለ ቁጥር ሌላ 14 ቀን ይጨመራል። በመጨረሻ «ዕፅ አይደለም» ቢባል ያለፈውን ጊዜ ማን ይመልስለታል?

«ማስረጃ እንዳይጠፋ ነው» የሚሉ አሉ። ታሽጎ በፖሊስ እጅ ያለ ዱቄት ወዴት ይጠፋል? ሰውየው ይሸሻል ቢሉስ፣ ዋስትና የተፈጠረው ለምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ዱቄቱ በተያዘበት ቀን ታሽጎ ወደ ምርመራ ይላክ። ዳኛው «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ከሌለ ቀጠሮ አይስጥ። ሕጉም የቀጠሮውን ቁጥር ይወስን።

የሕግ መምህራኖቻችን ሆይ! ቁጥር 59ን በክፍል አስተምራችሁናል። ቀዳዳውን ግን በአደባባይ ተናገሩት!