ረጅም መስተዋት ሁሉ አይበጅም

ንፋስ ራሳቸውን ሲያንገላታው፣ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን ከሁሉ የረዘመውን የፊት መስተዋት (ፕላስቲክ ቢሆንም ስሙ መስተዋት ነው) ይገዛሉ። እኔ ገንዘባችሁን አትጣሉ ባይ ነኝ።

ራስን የሚያንገጫግጨው ቀጥ ብሎ የሚመጣው ንፋስ ሳይሆን የመስተዋቱን አናት ዘሎ የሚሽከረከረው ነው። እሱ የራስ ቁሩ ላይ ካረፈ ዕይታ ይንቀጠቀጣል፤ አንገትም ይዝላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ ላይ፣ በመጠነኛ ፍጥነት፣ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ፣ ቀጥሎም ጎንበስ በሉ። ብድግ ስትሉ ከረገበ አጭሩ፣ ጎንበስ ስትሉ ከረገበ ረጅሙ ይስማማችኋል። ረጅሙን ከመረጣችሁ ግን ጫፉ ከዓይን በታች፣ አፍንጫ አካባቢ ይሁን፤ በዝናብ ሌሊት በተጫጫረ ፕላስቲክ አሻግሮ መንዳት አደጋ ነው። ከሥሩ ንፋስ የሚያስገባ ክፍተት ያለውም ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ከኋላው የሚፈጠረውን የአየር ግፊት ጉድለት ስለሚሞላ ሽክርክሪቱን ያበርደዋል።

ለጆሮ ግን የትኛውም መስተዋት ዋስ አይሆንም። በሰዓት 65 ማይል ሲነዳ በራስ ቁር ውስጥ ያለው ጩኸት 100 ዴሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ለዚህ መጠን የሚመክሩት ገደብ በቀን 15 ደቂቃ ነው። ከአንድ ዶላር በታች የሚሸጠውን የጆሮ መድፈኛ፣ የስቴታችሁን ሕግ ጠይቃችሁ፣ ከመስተዋቱ አስቀድማችሁ ግዙ።