በጀቱ በሰኔ፣ የግብር ሕጉ በሐምሌ

የ2017 ዓ.ም.ን የክረምት መግቢያ በትኩረት የተከታተለ ሰው አንድ የቅደም ተከተል ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር የሆነውን የ2018 በጀት ያጸደቀው ሰኔ 26 ቀን ነው። በጀቱ ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱን፣ ማለትም የገቢ ግብር ማሻሻያውን ያጸደቀው ግን ሐምሌ 10፣ አዲሱ የበጀት ዓመት በገባ በአሥረኛው ቀን ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህንን ጣሪያ ከመቱ በኋላ ግድግዳ ማቆም እንለዋለን።

እንደሚታወቀው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 የምክር ቤቱን የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 አድርጎታል፤ በመካከሉም የአንድ ወር እረፍት አለ። መደበኛ ስብሰባው ማክሰኞና ሐሙስ በመሆኑ፣ ሒሳቡን ብንሠራው በዓመት ከ70 ብዙም የማይበልጥ የስብሰባ ቀን ይገኛል። ከዚህ ላይ የሚኒስትሮች ሪፖርት፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ፣ የብድር ስምምነት፣ ሹመትና በጀት ይነሳል። የቀረው ለረቂቅ አዋጆች ነው። አንድ ረቂቅ ደግሞ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት መጥቶ፣ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ፣ ውይይት ተደርጎበት እስኪመለስ ሳምንታት ይፈልጋል። ታዲያ ማን ቀድሞ ይግባ የሚለው ጥያቄ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ አይደለም።

እንግሊዞች ይህንን እንዴት ያደርጉታል? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2024 ንጉሡ ፓርላማውን ሲከፍቱ የአዲሱ መንግሥት 40 ያህል ረቂቅ ሕጎች በስም ተዘርዝረው ለሕዝብ ቀርበዋል። ከዚያ በስተጀርባ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ለተራ የሚፎካከሩበት የሚኒስትሮች ኮሚቴ አለ። እዚያም ቢሆን ችኮላ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 2025 የስካንቶርፕን የብረት ፋብሪካ ምድጃ ከመጥፋት ለማዳን ፓርላማው ከፋሲካ እረፍት ተጠርቶ በአንድ ቅዳሜ ሕግ አውጥቷል። ያ ግን እሳት ማጥፋት ነበር። የገቢ ግብር ድንገተኛ እሳት አይደለም፤ ሐምሌ 1 በየዓመቱ ይመጣል።

በእኛ አገር ፕሬዚዳንቱ በመክፈቻው ዕለት የሚያሰሙት ንግግር አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫ እንጂ የረቂቆች ዝርዝር አይደለም። ውጤቱን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. አይተነዋል። ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10 ሺህ መሥራች አባላት የሚጠይቀው የምርጫ ሕግ የጸደቀው በክረምቱ እረፍት ሲሆን፣ በርካታ ፓርቲዎች አልመከርንበትም ብለው ተቃወሙ። ለውጭ ዜጎች የቤት ባለቤትነትን የፈቀደው አዋጅም የጸደቀው ሰኔ 17 ቀን 2017፣ በዚያው የበጀት ግርግር መካከል ነው። የውጭ ፓስፖርት ይዘን በአዋጅ 270/1994 እንደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የምንስተናገደው ሰዎች ሁለቱ ሕጎች እንዴት እንደሚጣጣሙ የምንጠይቀው ነበረን። ረቂቅ መኖሩን ሰምተናል፤ በየትኛው ማክሰኞ ድምፅ እንደሚሰጥበት ግን አናውቅም ነበር።

አንድ ፓርቲ በሚበዛበት ምክር ቤት የጊዜ ሰሌዳ ምን ይለውጣል የሚሉ አሉ። የድምፁን ውጤት አይለውጥ ይሆናል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2 ሺህ ብር ሲያድግ የሐምሌን ደመወዝ የሚሠራው የሒሳብ ሠራተኛ ቁጥሩን በግንቦት ቢያውቀው ምን ይጎዳል? ጥቅምት ላይ የሚወጣ አንድ ገጽ ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ረቂቅ አጠገብም የሚቀርብበት ወር ቢጻፍ ለዚህ በቂ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።