ግቢው ውስጥ ያለው ካሜራ፦ የተከራይ ቤት የሚጀምረው የት ጋ ነው?

ቲክቶክ ላይ በየጊዜው የሚመላለስ ቪዲዮ አለ። አንድ ሰው ሆቴል ክፍል ውስጥ መብራት ያጠፋል፣ በስልኩ ግድግዳውን ይቃኛል፣ ከዚያ ሶኬቱ ውስጥ ወይ ሰዓቱ ላይ ትንሽ የምታበራ ነጥብ ያገኛል። ኮሜንቱ ስር ሁሌም አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ "እኛ ሀገርስ?"

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አምፖል የሚመስል ካሜራ፣ ቻርጀር የሚመስል ካሜራ፣ ሰዓት የሚመስል ካሜራ ዛሬ መርካቶም ቴሌግራም ላይም ይሸጣል። ግን ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳም ሆነ አዲሱ ገበያ፣ ቀጨኔም ሆነ ሩፋኤል አካባቢ፣ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጣጣ የተደበቀው ካሜራ አይመስለንም። የሚታየው ነው። ግድግዳው ላይ በግልፅ ተሰቅሎ፣ ማንም "ወዴት ነው የሚያየው?" ብሎ ያልጠየቀው።

የሰፈሩን ግቢ አስቡት። አንድ በር፣ ፊት ለፊት የባለቤቶቹ ቤት፣ ከኋላ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ወይ ሁለት ሽንት ቤት፣ ቆርቆሮ በር ያለው ሻወር፣ ከግንብ ግንብ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ። የስድስት ኪሎ ተማሪ፣ የጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኛ፣ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ፣ ሁሉም እዚህ አይነት ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚደረገው እንቅልፍና ምግብ ነው። ሌላው ኑሮ በሙሉ፣ መታጠቡም፣ ልብስ ማጠቡም፣ ጠዋት ፎጣ ትከሻ ላይ ጥሎ ወደ ሻወር መሄዱም ደጅ ነው።

ካሜራው የሚሰቀለው ደግሞ እዚሁ ደጅ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ያስገጠመው ሰው ክፉ ሐሳብ የለውም። ሌባ አለ፣ የቆጣሪ ክዳን ሳይቀር ይሰረቃል። አንዳንዱን ደግሞ ውጭ ሀገር ያለ ልጅ ነው ለእናቱ ደህንነት ብሎ ያስገጠመው። ይሄ ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም፤ የተከራይ ላፕቶፕ ሲጠፋም መጀመሪያ የሚታየው የካሜራው ቅጂ ነው። ችግሩ ካሜራው በሩን ብቻ እንዲያይ ተደርጎ አለመሰቀሉ ነው። ገጣሚው "ሰፋ አድርጎ ይያዝ" ብሎ ጥግ ላይ ይሰቅለዋል። በዚህ ምክንያት ሜሪላንድ ያለ አንድ ወንድ ልጅ ስልኩን ሲከፍት አዲስ አበባ ላይ አንዲት የማያውቃት ልጅ የውስጥ ልብሷን ስታሰጣ ያያል። ማታ በስንት ሰዓት እንደገባች፣ ከማን ጋር እንደገባች ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን አከራይዋ "ትናንት የመጣው ልጅ ማነው?" ይሏታል፣ እሷም ካሜራው ምን እንደሚያይ ያኔ ይገባታል።

ሕጉ ምን ይላል? በሩ ውስጥ ላለው ነገር በደንብ ይናገራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት እንዲከበር ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13 ደግሞ ማንም ሰው ከሌላው መኖሪያ ቤት ያለ ፈቃዱ መግባት እንደማይችል ያስቀምጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ይሄንኑ ወንጀል ያደርገዋል፤ የሚጠብቀው ግን ቤቱ በስሙ ያለውን ሰው ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ የሚኖርበትን ነው። ማለትም ተከራይዋን። ካርታው የአከራይ ነው፣ መኖሪያው ግን የተከራይ ነው። "የራሴ ቤት አይደል እንዴ፣ ገብቼ ባይስ?" የሚለው ንግግር ሰፈር ውስጥ ይሠራ ይሆናል፣ ሕግ ፊት ግን አያዋጣም።

ለዚህም ነው ስለ ድብቅ ካሜራ ከማሰባችሁ በፊት ስለ ቁልፍ አስቡ የምንለው። ክፍላችሁ ውስጥ ካሜራ ለማስቀመጥ ሰው መግባት አለበት። ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ቁልፍ ይዞ ሄዶ ይሆናል፤ አከራይ ጋ ትርፍ አለ፤ አንዳንዴ ደላላው ጋም አለ። አዲስ ቤት ስትገቡ አስፈቅዳችሁ ቁልፉን ማስቀየር ከየትኛውም የካሜራ መፈለጊያ አፕ በላይ ይጠቅማል።

ከበሩ ውጭ ስንወጣ ነገሩ ይደበዝዛል። የወንጀል ሕጉ ሲጻፍ እዚህ ሀገር ካሜራ ማለት ፎቶ ቤት ያለው ነገር ነበር፤ ስለ ግቢ ካሜራ የሚለው የለውም። በ2016 ዓ.ም የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ግን አዲስ ሐሳብ ይዞ መጥቷል፦ ማንነታችሁ የሚለይበት መረጃ የእናንተ ነው፣ የሚሰበስበው ሰው ለምን እንደሚሰበስብ ሊነግራችሁ ይገባል፣ ከሚያስፈልገው በላይም አያስቀምጥም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ በዋናነት የታሰበው ለባንክ፣ ለቴሌኮም፣ ለመሥሪያ ቤት ይመስላል፤ አንድ ሰርቪስ ክፍል የሚያከራዩ እናት ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

አውሮፓ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ አንድ ሰው የቤቱ መስኮት በተደጋጋሚ ይሰበርበትና ጣሪያው ጠርዝ ላይ ካሜራ ይሰቅላል። ካሜራው የራሱን በር ብቻ ሳይሆን የእግረኛውን መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት በርም ያያል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ ካሜራው ከራስህ ቅጥር አልፎ ሌላው ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ካየ "የግል የቤቴ ጉዳይ ነው" ማለት አትችልም። ሰውየው ራሱን መጠበቁ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ሕግ ይገዛዋል። እኛ ግቢ ስናመጣው፣ ቧንቧው ጋ ያለው ቦታ የአከራይ የግል ቦታ ነው ወይስ የአምስት ቤተሰብ? ኪራዩን ስትከፍሉ ሽንት ቤቱንና ሻወሩንም እኮ ነው የተከራያችሁት።

ኤርቢኤንቢ እንኳ ለአጭር ጊዜ እንግዳ ከእኛ ተከራይ የተሻለ ነገር ሰጥቷል። ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ የትኛውም ቤት ውስጥ ካሜራ ማስቀመጥ ከልክሏል፤ እንግዳው ቢያውቅም እንኳ አይፈቀድም። ውጭ ያለ ካሜራ አስቀድሞ መነገር አለበት፣ ደጅ ያለ የተከለለ ሻወርን ደግሞ ማየት አይችልም። ሁለት ቀን ለሚያድር ቱሪስት የታሰበለት፣ ሁለት ዓመት ለምትኖር ልጅ የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

ሌላው ብዙም የማይወራው ጉዳይ ቅጂው ማን እጅ ነው ያለው የሚለው ነው። ደቡብ ኮሪያ በድብቅ ካሜራ ስሟ የተነሳ ሀገር ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሴኡል ላይ አደባባይ ወጥተዋል። በቀጣዩ ዓመት ፖሊስ በ10 ከተሞች፣ በ30 ሞቴሎች ውስጥ 1,600 ያህል እንግዶች በሶኬትና በፀጉር ማድረቂያ ማስቀመጫ ውስጥ በተደበቁ ካሜራዎች ተቀርጸው በኢንተርኔት በቀጥታ እንደተላለፉ አስታወቀ። ይሄኛው ሁሉም የሚፈራው ነው። በ2025 መጨረሻ ላይ የወጣው ዜና ግን ከእኛ ግቢ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፦ 120,000 ያህል ካሜራዎችን ሰብረው ገብተዋል የተባሉ አራት ሰዎች ተያዙ። እነዚህን ካሜራዎች ማንም አልደበቃቸውም። ሰዎች በቤታቸውና በሥራ ቦታቸው ራሳቸው የሰቀሏቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ የተሰበሩት ፓስወርዳቸው ቀላል ስለነበረ ነው።

እኛ ጋስ ፓስወርዱን ማን አወጣው? ገጣሚው። ማን ለወጠው? ማንም። አፑን አከራይዋ ስልክ ላይ የጫነው ልጅ፣ ገጣሚው፣ የገጣሚው ረዳት፣ ሁሉም ቁጥሩን ያውቁታል። እትዬ ያለ ክፋት ያስገጠሙት ካሜራ እሳቸው ራሳቸው የማያውቁት ሰው ሊያየው ይችላል፣ የሚያየው ደግሞ የእሳቸውንም ቤት ነው። ፓስወርዱን የማስቀየሩ ወሬ ከዚህ ቢጀመር የሚያጣላ አይሆንም።

ታዲያ ተከራይ ምን አቅም አለው? ደላላው "ዛሬ ካልያዝሽው ማታ ሌላ ሰው ይወስደዋል" እያለ ስለ ካሜራ መጠየቅ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስለ አዋጁ ሲወራ የሚነሳው የዋጋ ጭማሪው ብቻ ነው። ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ወረቀቱ ነው። ወረቀት ካለ አንድ አረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል፤ ለምሳሌ "በግቢው ያለው ካሜራ የውጭውን በር ብቻ ያያል፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤቱን እንዲሁም የተከራይን በርና መስኮት አያይም፤ አከራይ ወደ ክፍሉ የሚገቡት ተከራዩ ሲያውቅ ነው" የሚል። ውሉን ሳያስመዘግብ በቃል የሚኖር ሰው ግን ይሄ ዕድል የለውም፣ ይሄ መታወቅ አለበት።

የምትጠይቁትም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነው። "ካሜራ አለ ወይ?" አትበሉ፣ "አለ፣ ለደህንነት ነው" ተብሎ ያልቃል። "እትዬ፣ እስቲ ስልክዎ ላይ ምን እንደሚታይ ያሳዩኝ" በሉ። ምስሉን አንዴ ካያችሁ ሻወሩ በር ይታያል አይታይም ክርክር የለውም። ብዙ አከራዮች ራሳቸው ያኔ ነው ልብ የሚሉት፤ ካሜራውን ትንሽ ማዞር ደግሞ የመሰላል ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችንም አንድ ነገር እንበል። ኮንዶሚኒየም ወይ አፓርትማ ተከራይተን ሳሎን ላይ ካሜራ የምናስቀምጥ አለን፣ ልጅ የምትጠብቀውን ሠራተኛ ለማየት። ልጅ ጉዳይ ነው፣ ፍርሃቱ ይገባናል። ግን ሠራተኛዋ የምትተኛው የት ነው? ብዙ ቤት ውስጥ እዚያው ሳሎን፣ ፍራሽ አንጥፋ ነው። ልብስ የምትቀይረው እዚያ ነው። ካሜራ እንዳለ ያልነገርናት ከሆነ፣ ኮሪያ ሞቴል ውስጥ ያለው እንግዳና እሷ በምን ይለያሉ?

የተደበቀ ነገር ለሚጠረጥር ደግሞ አጭር ምክር። ትንንሽ ካሜራዎች በባትሪ ብቻ ብዙ አይቆዩም፣ ስለዚህ ረጅም ጊዜ የሚቀርጽ ነገር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ ማከፋፈያ፣ እናንተ ያላመጣችሁት ቻርጀር ከሁሉ በፊት ይታዩ። ክፍሉን አጨልማችሁ በባትሪ መብራት ቀስ እያላችሁ ስትቃኙ ሌንስ ብልጭ ይላል። በጨለማ የሚያይ ካሜራ የሚረጨውን ብርሃን ዓይናችሁ ባያየውም የስልክ ካሜራ፣ በተለይ የሰልፊው፣ ሐምራዊ ነጥብ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። ዋይፋዩ ላይ ማን እንደተያያዘ የሚያሳይ አፕም አለ፣ ነገር ግን በሲም ካርድ የሚሠራና ሜሞሪ ላይ ብቻ የሚቀርጽ ካሜራ እዚያ አይታይም። "ስልክህ ድብቅ ካሜራ ያነፍንፋል" የሚሉት አፖች አብዛኞቹ ማስታወቂያ ማሳያ ናቸው፤ ምንም አላገኘሁም ሲላችሁ አትመኑት፣ አገኘሁ ሲላችሁም አትደንግጡ።

ካገኛችሁ አትንቀሉት። ባለበት ሁኔታ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ክፍሉና ቦታው አብሮ ይታይ፣ ከዚያ በጨርቅ ሸፍኑትና ምስክር የሚሆን ሰው ጠርታችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ሜሞሪ ካርዱን ከፍታችሁ ለማየት አትሞክሩ፣ የእናንተ ማስረጃ እሱ ነው። አከራዩ ጋ መጀመሪያ ሄዶ መጨቃጨቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ግን እናንተ ስትጮሁ ካርዱ ይጠፋል።

ነገሩ "ቪዲዮሽን እለቀዋለሁ" ወደሚል ዛቻ ከተሸጋገረ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለ። በቪዲዮ ወይም በምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ገንዘብ አትላኩ፤ አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። መልእክቱንም በንዴት አታጥፉት፣ ብሎክም ከማድረጋችሁ በፊት የላኪው ስልክ ቁጥርና የአካውንት ስም የሚታይበት ስክሪንሻት ያዙ፣ ዋናው ቻት ግን ስልኩ ላይ እንዳለ ይቆይ።