ያፈሰሰበት ይድፈነው

«ለቀበሌ ቤት በወር 8 ብር እየከፈልክ ጣሪያው አፈሰሰ ብለህ ታማርራለህ? በ8 ብር ዛሬ ምን ይገዛል?» አለኝ ወዳጄ። እንደኔው የመርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከወጣ ወዲህ ምላሱ ረዝሟል።

«እኔ አልተመንኩትም» አልኩት። «ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 ጠይቅ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረውን ቀበሌ ያዘው፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ለድሃው ኪራይ ተቀነሰለት፤ ደግ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ኪራዩ ባለበት ቆመ፣ ቤቱ ብቻ አረጀ።»

«እና ምን ጎደለብህ?»

«ጠጋኝ ነዋ! አከራዩ በዚህ ገቢ ምስማርም አይገዛም። ልጠግን ስል ደግሞ ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ፈቃድ አምጣ እባላለሁ። ስለዚህ ላስቲክ እዘረጋለሁ፣ ላስቲኩን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ እጭንበታለሁ። የሰባተኛን ጣሪያ ከፎቅ ላይ ሆነህ ቁልቁል እየው፤ ግማሹ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ነው።»

«ፈቃድ ቢሰጡህስ ትጠግናለህ?»

«እንዴት አልጠግንም!»

«አትጠግንም። አሜሪካን ግቢ ለልማት ሲነሣ አይተሃል። ፒያሳንና ካዛንቺስንም አይተሃል። ነገ ይፈርሳል እየተባለ የትኛው ሞኝ ነው ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳ የሚመርገው? ሲነሣ ወይ ኮንዶሚኒየም ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠው ይሆናል፤ የመረገውን ጭቃ ማን ይቆጥርለታል?»

እዚህ ላይ ልክ ነበር፤ ግን አልነገርኩትም።

«ደግሞ የማታወራት ነገር አለች» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ። «መርካቶ ውስጥ ቤት ቤት ብቻ ነው? ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መጋዘን፣ ቆጡ ማደሪያ ነው። ስንቱ ነው ለመንግሥት ሳንቲም እየከፈለ ለነጋዴ በሺህ የሚያከራየው? ከዚያ ብር ላይ ሁለት ቆርቆሮ መግዣ ጠፋ?»

«እሱማ እዚህ አይኖርም! ወጥቶ ሄዷል። የሚያፈሰው ውስጥ ባለው ላይ ነው።»

«በል እንግዲህ ራስህ ተናገርከው። ብሩን የሚበላው አያፈስበትም፤ የሚያፈስበት ደግሞ ውል ላይ ስሙ የለም። አንተ ሁሌ መንግሥት መንግሥት ትላለህ፣ በመሃል ያለውን የሰፈር ሰው ዘለህ።»

ሻዩን ፉት አልኩ። ሰው መልስ ሲያጣ ሻይ ጥሩ ነው።

«እሺ» አልኩት ቆይቼ፣ «ቤቱን ለነዋሪው ይሽጡለት። የራሱ ሲሆን ይጠግነዋል።»

ያን ጊዜ ነው የተነሣበት። «የራሱ! እኔ የራሴ አለኝ፤ ዕዳውን ለባንክ ገና እየከፈልኩ ነው። ከበሬ ወደ ውስጥ ያለው የኔ ነው፤ ሴራሚክ አስነጥፌዋለሁ፣ ተመስገን። ከበሬ ወደ ውጭስ? ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ ቱቦው? የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ የ1995ቱ ቁጥር 370፣ ማኅበር አቋቁማችሁ አስተዳድሩ ይላል። አቋቋምን። ማኅተም አለን። ብር የለንም። ጣሪያው ሲያፈስ አንደኛ ፎቅ ያለው ‹እኔ ጋ አይደርስም› ብሎ መዋጮ አይከፍልም። ቱቦው ታች ሲፈነዳ ደግሞ እኛ አራተኛ ፎቅ ያለነው እንቅልፋችንን እንለጥጣለን። ተከራዩን ስትጠይቀው ‹አከራዬን አነጋግሩ› ይላል፤ አከራዩ ዱባይ ነው። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራችው የጋራ ቤት እንኳ መጋዘን ሆና ተከራይታለች። ኪራዩ የት ገባ ብለህ ስብሰባ ላይ ጠይቅና ጉድህን እይ!»

«ውሃስ?»

«ውሃውን ተወው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልዲ ይዤ መሬት እወርዳለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። «እኛ ሰባተኛ ሽንት ቤቱ ሲሞላ በሁለት ቀን ብር ይዋጣል። የመምጠጫ መኪናው ቅያስ ውስጥ አይገባም እንጂ።»

«መኪናማ የት ይገባል? በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ሲቸግረው አላየህም? ግን ለምን ቶሎ እንደምታዋጡ ታውቃለህ? ሁላችሁም በዚያች አንድ በር ፊት ስለምትሰለፉ ነው። የጠቀማችሁ አንድ በር ነው፣ ካርታ አይደለም። እና ለምን ሽጡልን ትላለህ?»

«መግዛቱ ይቅር» አልኩ፤ እንደ መርካቶ ነጋዴ ዋጋ ቀነስኩ። «ያፈሰሰበት ይድፈነው። ውስጡ ለሚኖረው ውል ይስጡት፣ የጥገናውን ፈቃድ በቀላሉ ይስጡት፣ ያወጣውን ብር ደግሞ ከኪራዩ ላይ ይቀንሱለት።»

ስልኩን አውጥቶ መደመሪያውን ከፈተ። «ጣሪያውን ለመቀየር ስንት ያስፈልግሃል? በትንሹ።»

«አሥር ሺህ በል። አሮጌ ቆርቆሮ ከምናለሽ ተራ ገዝቼ።»

«አሥር ሺህ ለስምንት ሲካፈል... 1,250 ወር። መቶ አራት ዓመት ከኪራይ ነፃ ነህ ማለት ነው። እንኳን ደስ አለህ!»

«ካልጨረስኩት የልጅ ልጆቼ ይኖሩበታላ።»

«ካልፈረሰ።»

«አንተ ሟርተኛ! ከፈረሰማ እናንተ ሕንፃ ላይ ይመድቡኛል።»

«አራተኛ ፎቅ ውሰድ» አለኝ ስልኩን እየከተተ፤ «የጣሪያ መዋጮ የሚከፍል ሰው አጥተናል።»