ዐመድ የሌለው የዐመድ ጡብ

አዲስ ጥበብ ወደ አገሩ ሊያገባ የሚሻ ሰው፥ አስቀድሞ አገሩ ያለውንና የሌለውን ሊመረምር ይገባዋል።

በሌላው ዓለም ከድንጋይ ከሰል ዐመድ ጡብ ይሠራል። ከኤሌክትሪክ ማመንጫ ጢስ የተያዘው ልም ዐመድ ከኖራ፥ ከጂፕሰምና ከአሸዋ ጋራ በጥቂት ውሃ ይለወሳል፤ በመጭመቂያ መኪና ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያም ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል እንጂ በእሳት አይተኰስም። ሕንድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ፥ ከማመንጫዎች በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ የሸክላ ጡብ ሠሪዎች ከአፈራቸው ጋራ ቢያንስ 25 በመቶ ዐመድ እንዲቀላቅሉ አዛለች፤ ለም አፈሯ ለጡብ እየተቈፈረ፥ ዐመዱም ሜዳውን እየሸፈነ አስቸግሯት ነበርና።

ይህ ለደጀን ምን ይጠቅማል? ደጀን በዓባይ ሸለቆ አፋፍ የተቀመጠች ናት፤ በሸለቆውም ገደል የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይገኛል። የጐደለው ዐመዱ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ መብራት በብዛት ከውሃ ኃይል ይመጣልና፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም በደጀን ሥር የሚያልፈውን ወንዝ ይጠቀማል እንጂ ዐመድ አያወጣም። ይህም በረከት ነው፤ ስለ ጡብ ሲሉ ከሰል ማንደድ፥ ለዐመዱ ሲሉ ቤትን እንደ ማቃጠል ይቈጠራል።

ነገር ግን የዐመዱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ። የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ዐመድ ከኖራ ጋራ ሲገናኝ ይጠነክራል፤ ሆኖም ከሩቅ ስለሚመጣ የማጓጓዣው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። ተስማሚ የሸክላ አፈር ግን ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሙቀት ተተኩሶ ሲፈጭ ያንኑ ጠባይ ያገኛል፤ የሲሚንቶ ምድጃ እስከ 1450 ዲግሪ ይጠይቃል። ኖራም ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው።

የገጠሩ ቤት ዛሬም በብዙው ከባሕር ዛፍና ከጭቃ ይሠራል፤ ምስጥም ይበላዋል። ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን አፈር ይመርምር፤ የከተማው አስተዳደርም አንድ አጥር በሙከራ ያሠራ። ጡቡ ሁለት ክረምት ጸንቶ ከታየ፥ ያን ጊዜ ባለገንዘቡ ሳይፈራ ገንዘቡን ያውጣ። ከሌላው አገር ሊወሰድ የሚገባው የዕቃው ስም ሳይሆን ያለውን የማወቅ ጥበብ ነውና።